የሚሌቼንቶዋ ፍሬን

ሾፌሩ አገኘሁ ያን ዕለት ወደ ቤቱ የገባው በእግሩ ነበር። እናቱ እናትዓለም እንደ ልማዷ የሚነዳትን መኪና ድምፅ ስትጠብቅ የልጇን ኮቴ ሰማች። ቀና ብላ ስታየው ሸሚዙ እስከ ብብቱ ተቀዷል፤ ግንባሩ ላይ ደም ደርቋል።

"ምን ሆንህ? ማን መታህ?"

"ማንም አልመታኝ እማዬ። ባሕር ዛፍ ነው የመታኝ።"

ሊያስቃት ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ውሃ አምጥታ ግንባሩን እያጠበች፣ እየቆረጠ እየቀጠለ የነገራትን ሰማች።

አገኘሁ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። የሚነዳት መኪና ሰው ሁሉ ሚሌቼንቶ የሚላት አሮጌ ነጭ ፊያት ናት፤ ባለቤቷ ከአገር ሲወጣ መንግሥት ወርሷት ለመሥሪያ ቤቱ የደረሰች። ፍሬኗ መላላቱን አገኘሁ ከክረምት ጀምሮ ሲናገር ነበር። "እስቲ እናያለን" ይሉታል፤ ማንም አያይም። ያን ዕለት የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጓድ ክንዱን አሳፍሮ ከቤዛዊት ኮረብታ ሲወርድ ፍሬኑን ቢረግጠው እግሩ ወለል ነካ። ደጋግሞ ረገጠ፤ ምንም የለም። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ መሪውን ጠምዝዞ መኪናዋን ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጫት። ሰው አልሞተም። ጓድ ክንዱ ጉልበቱ ተላጠ፣ ቆቡ ወደቀ። ከመኪናው ወርዶ ቆቡን አራግፎ ከደፋ በኋላ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

"ምን አለ?" አለች እናትዓለም።

"አሻጥር ነው አለ።"

እጇ ከነጨርቁ ግንባሩ ላይ ቀረ። ቃሏን ታውቃታለች። የጎረቤቷ የአገርነሽ ባል የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ ጣራው አፍስሶ እህሉ ሲበሰብስ አሻጥር ተባለና ተወሰደ። አገርነሽ ዛሬም ድረስ በሳህን ምግብ ይዛ እስር ቤት ደጃፍ ትቆማለች። አንዳንድ ቀን ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል፤ አንዳንድ ቀን ሳይነካ እንደተከደነ ይመለሳል። እንደተከደነ በተመለሰ ቀን አገርነሽ ከማንም ጋር አትነጋገርም።

"ከሆሣዕና በፊት ባለው ሐሙስ የበላይ ጓዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ጢስ ዓባይን ያያሉ" አለ አገኘሁ። "እስከዚያ መኪናዋ ተሠርታ ካልቆመች ግን፣ ጉዳዬ ከእሱ እጅ ወጥቶ ወደ በላይ እንደሚሄድ ነው ጓድ ክንዱ የነገረኝ።"

በማግስቱ እናትና ልጅ ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩ ጋሽ ገብረ መስቀል ፀጉሩም ጣቱም በዘይት የጠቆረ፣ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ የሚነጣ ሰው ነው። ከመኪናዋ ሥር ተንፏቆ ወጣና መዳፉን ዘረጋላቸው። መዳፉ ላይ የጣት ጫፍ የሚያህሉ፣ ጠርዛቸው የተበላ ትናንሽ የላስቲክ ቆቦች ነበሩ።

"ጉዱ ይኸውላችሁ። ጎሚኒ ይባላል። የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው ይኼ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የሞተው እሱ ነው።"

"ታዲያ አዲስ አድርግለት እንጂ ጋሼ" አለች እናትዓለም።

"ከየት አምጥቼ እናትዬ? ከጆሮዬ ቆርጬ?"

ባሕር ዳር ውስጥ የሌለ ነገር ሆነ። አዲስ አበባ በስልክ ተጠየቀ፤ የውጭ ምንዛሪ ስለሌለ መለዋወጫ አይገባም ተባለ። መካኒኮች አንዱ ወደ ሌላው ሲልኳቸው ሰነበቱ። በመጨረሻ ጋሽ ገብረ መስቀል ራሱን እያከከ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ ቆላ ድባ ውስጥ ባሏ መኪና ነጂ የነበረ አንዲት ሴት እንዳለች ነገራቸው። ሰውየው እንዲህ ያለች ሚሌቼንቶ ነበረችው። መኪናዋ ዛሬ ግቢ ውስጥ ዶሮ ይሰፍርባታል፤ ባልየው ግን ዕቃ አጠራቃሚ ስለነበር፣ ሳጥን ሙሉ መለዋወጫ ሳያስመዘግብ እንደሞተ ይወራል።

"ሳያስመዘግብ" ያለውን እናትዓለም ሰምታዋለች። እንዲህ ያለ ዕቃ ሸሽጎ ማስቀመጥም፣ ገዝቶ ማጓጓዝም ያስጠይቃል። አገኘሁ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከከተማ መውጣት አይችልም።

"እኔ እሄዳለሁ" አለች። "አሮጊት ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ማን ልብ ይላታል?"

"አንቺ መቼ አረጀሽ?" አለ አገኘሁ።

"ሰሞኑን" አለችው።

ከቀበሌ መሸኛ አወጣች። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋንም ዘመድ እንደታመመባት ነግራ ይቅርታ ጠየቀች። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምራለች፤ ፊደሉን ለይታ፣ ቀስ እያለች ቃል ትገጥማለች። ከዚያ በጣና ላይ በጀልባ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራም የእህል መኪና ለምና ተሳፍራ ቆላ ድባ ደረሰች።

የሟቹ ሚስት እማማ ወለተ ሚካኤል በሯን ገርበብ አድርጋ ነው ያነጋገረቻት። መጀመሪያ "እኔ ዘንድ ምንም የለም" አለች። እናትዓለም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ ግንባሩ፣ ስለዚያች ቃል ነገረቻት። አሮጊቷ ሰምታ ስትጨርስ ወደ ጓዳ ገባችና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ተመለሰች።

"ምን ልክፈልዎ እማማ?"

"ምንም። ስሜን ብቻ አታንሺ። ቢገርፉሽም አታንሺ።"

"በወላዲተ አምላክ እምላለሁ፣ አላነሳም።"

"እንግዲህ እንዳይደርቅብሽ ተጠንቀቂ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፀሐይና ንፋስ ካገኘው ይሰነጠቃል ይል ነበር።"

እናትዓለም ጥቅሉን በመቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ከቆላ ድባ ገበያ ደግሞ፣ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስምና፣ ለፋሲካ የሚሆን ቅቤ በትንሽ ማሰሮ ገዝታ ጎርጎራ ወረደች።

ወደቡ ላይ ሰው ተሰልፎ ነበር። ከሰልፉ ራስ በላይ አዲስ የተቀባ ሰሌዳ ተተክሏል። የዛሬ ዓመት ቢሆን እንጨት ነው ብላ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ፊደል ባየበት ሁሉ ማቆም ለምዶበታል፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለቀመችው። ማ-ን-ኛ-ው-ም መ-ን-ገ-ደ-ኛ ይ-ፈ-ተ-ሻ-ል። ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሰውነቱ ላይ ዕቃ ደብቆ የተገኘ እንደ አሻጥረኛ ይቆጠራል ይላል።

ያቺ ቃል ናት። በትልልቅ ቀይ ፊደል፣ ማንም ሳይነግራት፣ ራሷ አንብባ አገኘቻት።

መቀነቷ እንደ እሳት አቃጠላት። ሽንት ቤት የምትፈልግ መስላ ከሰልፉ ወጣችና ከአንድ የዋርካ ግንድ ኋላ ተቀመጠች። ጥቅሉን ፈታች። የት ታድርገው? በሰውነት አይሆንም። ለመንገድ ስንቅ የሚሆን ዳቦ ይዛ ነበር፤ ዳቦውን ቆርሰው ቢያዩስ? ከዚያ ዓይኗ ማሰሮው ላይ ወደቀ። እንዳይደርቅ ብላታለች አሮጊቷ። ጠፍር ሲደርቅ በቅቤ ይታሻል፤ ጫማም ሲሰነጠቅ ቅባት ይቀባል። ከዚህ የተሻለ ምን ማስቀመጫ አለ? ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ ቅቤው ውስጥ አሰጠመቻቸው፣ ላዩን በመዳፏ ደመደመች፣ ክዳኑን ገጠመች። እጇን በሣር ጠርጋ ወደ ሰልፉ ተመለሰች።

ፈታሹ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሺያ ነው። መቀነቷን አስፈታት፣ ዳቦዋን ቆረሰ፣ ነጠላዋን አራገፈ። ማሰሮው ጋ ደረሰ።

"ይኼስ?"

"ቅቤ ነው ልጄ። ለፋሲካ።"

ክዳኑን አንስቶ ወደ ውስጥ አጎነበሰ። የለጋ ቅቤ ሽታ ሽው አለው። ምራቁን ዋጠና ግራ ቀኙን ሰረቅ አድርጎ አየ።

"ክደኚው፣ ክደኚው!" አላት በሹክሹክታ። "ጾሜን ልታስገድፊኝ ነው እንዴ?"

ጀልባዋ ላይ ወጥታ እስክትቀመጥ ድረስ ትንፋሿ አልተመለሰም። ማሰሮውን ጭኗ ላይ አቅፋ ጣናን አቋረጠች፤ ኩንዝላ አደረች፣ የደቅ ደሴት ሲታያት ዳጋ እስጢፋኖስን ተማፀነች። ቀኑ ሞቃት ነበርና ቅቤው ማሰሮው ውስጥ ቀልጦ ሲዋልል ይሰማታል። እንግዲያው በደንብ ይርሳል፣ አይደርቅም ብላ ደስ አላት።

ቤቷ ስትገባ ጎሚኒዎቹን አውጥታ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበች፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች። ለአገኘሁ ስለ ቅቤው አልነገረችውም። ለምን ትንገረው? ስለ ፍተሻው ካወቀ እንቅልፍ ያጣል። እሱ ጥቅሉን ፈትቶ ሲያይ ልጅነቱ ፊቱ ላይ ተመለሰ፤ አንገቷን አቅፎ ሳማት።

ጋሽ ገብረ መስቀል አንዱን ጎሚኒ በጣቱ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው።

"ለስለስ ይላል። አዲስ አይደለም እንዴ?"

"አዲስ ነው ጋሼ" አለች እናትዓለም። በልቧ ኮራች። ቅቤው ሠራ ማለት ነው።

እያጉረመረመ እየገፋ ገጠመው። የፍሬን ዘይት ሞልቶ፣ አገኘሁን ደጋግሞ አስረግጦ፣ አየሩን አስወጣ። ፍሬኑ ያዘ። አገኘሁ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ነድቶ አቆማት፤ ያዘ። እናትዓለም እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጋሽ ገብረ መስቀል እጁን በነጭ ጋዝ ሊታጠብ ጣሳውን ሲያነሳ፣ አግዳሚው ላይ የተረፈችውን አንዲት ጎሚኒ ወዲያ ገፋ አደረጋት።

"ይቺን ደግሞ አርቂያት እናትዬ። ጋዝ እንዳይነካት።"

"ቢነካት ምን ትሆናለች?"

"ጋዝም ሆነ ቅባት ከነካት ታብጣለች። ሰላም ትመስልሻለች፤ ውላ ስትሞቅ ግን መያዣ ውስጥ ትቀረቀርና ወይ አትይዝም፣ ወይ ከያዘች አትለቅም።"

"ቅባት?" አለች እናትዓለም። "ቅቤም?"

ጋሽ ገብረ መስቀል ሊስቅ አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ላይ የተውሶ ላንድሮቨር ቆመና ራሱ ሲነዳ የመጣው ጓድ ክንዱ ከአንድ ባለጠመንጃ ሚሊሺያ ጋር ወረደ።

እናትዓለም መልሱን ሳትሰማ ቀረች።

ጓድ ክንዱ እያነከሰ መጥቶ መኪናዋን ዞራት። ሰውየው ራሱ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ተሠራች?" አለ።

"ተሠርታለች ጓድ" አለ አገኘሁ።

"ዕቃው ከየት ተገኘ?"

ጋሽ ገብረ መስቀል፣ "ጋራዥ መቼ የድሮ ዕቃ ያጣል" አለ እጁን እየጠረገ።

ጓድ ክንዱ አገኘሁን ትኩር ብሎ አየው። "ቤዛዊት ላይ ወጥተን እንፈትናታለን። ያኔ እኔን ይዘህ እንደወረድህ አሁን ደግሞ..." ዓይኑን ወደ እናትዓለም አዞረ። "እናትህ ናቸው? እሳቸውን ይዘህ ውረድ። እናቱን ጭኖ አሻጥር የሚሠራ ሰው የለም።"

"እናቴ ምን አገባት?"

"ፍሬኑን ካመንኸው ምን አስፈራህ?"

እናትዓለም መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች። የሚሊሺያው ጠመንጃ፣ የሰሌዳው ቀይ ፊደል፣ የአገርነሽ ሳህን ባንድ ላይ መጡባት፤ መልሳ አፏን ገጠመች። እንደ ሕልም ሰው የመኪናዋን በር ከፍታ ገባች። ሚሊሺያው ከኋላ ተቀመጠ። ላንድሮቨሩ ተከተላቸው።

የዓባይን ድልድይ ሲሻገሩ አገኘሁ ፍጥነቱን ለመቀነስ ፍሬኑን ነካ አደረገ። መኪናዋ ያዘች፤ ለመልቀቅ ግን አመነታች። አገኘሁ ቅንድቡን ቋጠረ።

"ከበደችኝ" አለ ለራሱ።

እናትዓለም ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ እያፍተለተለች ከኋላዋ የሚሊሺያውን ትንፋሽ ትሰማለች። አሁን ብናገር ይሰማል። ካልተናገርሁ ልጄ ይሞታል። ኮረብታውን ሲወጡ ሁሉ ይኼንኑ ታገላብጣለች።

አናቱ ላይ አገኘሁ መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ በእጅ ፍሬን አቆማት። ቁልቁል ሲያዩት መንገዱ ባሕር ዛፎቹ መሀል ገብቶ ይጠፋል፤ ከሥሩ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሰፊ ሆኖ ተኝቷል። ሚሊሺያው በሩን ከፈተ።

"አንተ ደግሞ ወዴት?" አለው አገኘሁ።

"እኔ በእግሬ እወርዳለሁ ወንድሜ። ልጆች አሉኝ።"

በሩ እንደተዘጋ እናትዓለም የልጇን ክንድ ጨበጠች።

"አገኘሁ፣ አትንዳ።"

"እማዬ አይዞሽ፣ ይዟል እኮ።"

"ጎሚኒውን ያመጣሁት ቅቤ ውስጥ ደብቄ ነው። ወደቡ ላይ ሰሌዳውን አነበብሁና ፈራሁ። ጋሼ አሁን ሲናገር ነው የሰማሁ፣ ያብጣል አለ። ወይ አይይዝም፣ ወይ አይለቅም አለ።"

አገኘሁ የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ሳበ።

"ውረጂ" አላት።

"አልወርድም።"

"እማዬ፣ ውረጂ እያልሁሽ ነው!"

"ከወረድሁ ጓዱ ነገሩን ያውቃል። ካወቀ ደግሞ አንተን ነው የሚወስድ።"

ከኋላቸው የላንድሮቨሩ ጡሩንባ ጮኸ። "ምን ትጠብቃለህ!" አለ የጓድ ክንዱ ድምፅ።

አገኘሁ አማተበ። እናቱ ፊት እንኳ ካማተበ ዓመታት አልፈዋል። አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ።

መኪናዋ መንከባለል ጀመረች። ሞተሩ እየጮኸ ያዝ ያዝ ያደርጋታል፤ ቁልቁለቱ ግን ይስባታል። ዛፎቹ ቀስ እያሉ፣ ከዚያ እየፈጠኑ ማለፍ ጀመሩ። ግንዱ የተላጠው ባሕር ዛፍ ከፊታቸው ብቅ አለ። አገኘሁ ፍሬኑን ረገጠ። እናትዓለም የእግሩን መውረድ አየች፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ምንም የለም። "ማርያም!" አለች። እንደገና ረገጠ።

መኪናዋን ፍሬኑ ባንድ ጊዜ ነከሳት። ኋላዋ ተወርውሮ ወደ ጎን ዞረ፤ እናትዓለም ትከሻዋ በሩን መታ፤ አቧራ በመስኮቱ ገብቶ አፏን ሞላው። ከዚያ ጸጥ አለ። መኪናዋ መንገዱ መሀል አግድም ቆማለች። ልጇ ከጎኗ አለ። በእጇ ፊቱን ዳሰሰችው፤ አለ።

ጓድ ክንዱ እያነከሰ፣ እየሮጠ መጣ። ፊቱ በርቷል።

"ፍሬን ማለት እንዲህ ነው! አየህ? ሲፈለግ ይገኛል! በል አሁን ቀጥል፤ እኔም ልግባ።"

የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። አገኘሁ ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልተነቃነቀችም። እንደገና ሞከረ። ከፊተኛው ጎማ የተቃጠለ ሽታ፣ ቀጥሎም ቀጭን ጢስ ወጣ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ጓድ፣ ጥፋቱ የእኔ..." አለ አገኘሁ።

"አይደለም!" አለች እናትዓለም። የራሷ ድምፅ አስደነገጣት። በሩን ከፍታ ወረደችና መንገዱ ላይ ቆመች። "ውሸቱን ነው ጌታዬ። እሱ ምንም አያውቅም። ዕቃውን ፈልጌ ያመጣሁት እኔ፤ ቅቤ ውስጥ የደበቅሁትም እኔ። ቅቤ ላስቲክ እንደሚያበላሽ አላወቅሁም። እንዳይደርቅ ብዬ ነው።"

"ቅቤ?" አለ ጓድ ክንዱ።

በእግሩ ሲወርድ የደረሰው ሚሊሺያ ሳቁ አመለጠው። ጓድ ክንዱ ዞር ብሎ ሲያየው አፉን ያዘ።

"ከማን ገዛሽው?"

"ከገበያ።"

"የማን ገበያ? ስም አለው?"

እናትዓለም መሬት መሬት አየች። "የማላውቀው መንገደኛ ነው። መልኩንም አላስታውስ።"

"ከነልጅሽ ብወስድሽስ?"

"እኔን ይውሰዱኝ። እሱን ግን አይንኩብኝ ጌታዬ።"

"ጌታዬ ቀርቷል፤ ጓድ በይ" አለ ሰውየው። ግን ልቡ ከአፉ ጋር አልነበረም። መኪናዋን አየ፣ ላንድሮቨሩን አየ፣ አገኘሁን አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል። እንግዶቹ ከነገ ወዲያ ይደርሳሉ፤ ሾፌር ካሰረ ማን ያንቀሳቅሳቸዋል? መኪና የለም ካለ ደግሞ ከበላዮቹ ፊት ምን ሊሆን ነው? እናትዓለም ፊቱን እያነበበች ድንገት ገባት። ይኼም ሰው ፈርቷል። ያቺ ቃል በእሱም ላይ ትመጣለች።

"ስማ" አለው አገኘሁን። "እንግዶቹን በላንድሮቨሩ ትወስዳለህ። እናትህ ቀበሌ ይቆያሉ። እንግዶቹ በሰላም ከተመለሱ ይፈታሉ። አንዳች ነገር ከደረሰባቸው ግን..." አልጨረሰውም።

እናትዓለም እስከ ሐሙስ በቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር ተቀመጠች። አገርነሽ ምግብ አመጣችላት፤ በመስኮቱ በኩል ሳህኑን ስታቀብላት እጅ ለእጅ ተያይዘው ትንሽ ቆዩ። ሐሙስ ከንጋት ጀምሮ ግን እህል በአፏ አልዞረም። የጢስ ዓባይ መንገድ ጥምዝምዙን ሁሉ በልቧ ነዳችው። ላንድሮቨሩ ከጢሻው ከብት ቢወጣበትስ? እንግዳው ፍጠን ቢለውስ? እግሯ በተቀመጠችበት መሬቱን ይረግጣል፤ አንዷ ሴት አይታ፣ "ምን ሆነሻል እትዬ፣ ልብስ ስፌት መኪና ላይ ነሽ እንዴ?" አለቻት።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ደጁ ላይ ሞተር ተሰማ። ዘበኛው በሩን ከፈተ።

"ውጪ እናት። ልጅሽ መጥቷል።"

አገኘሁ ከላንድሮቨሩ አጠገብ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ የሚስቅ ፊት።

"በሰላም ገቡ?"

"ገቡ። ፏፏቴውን አይተው ፎቶ ተነሡ።"

"ጓዱስ ምን አለህ?"

"ነገ መራዊ እንሄዳለን አለኝ። ያቺን ቃል አላነሣትም። ግቢ እማዬ፣ ወደ ቤት ላድርስሽ።"

እናትዓለም አልገባችም። ዞራ ከመኪናው ፊት ቆመች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አጎንብሳ ወደ ጎማው ጆሮዋን አስጠጋች።

"እማዬ፣ ምን ታደርጊያለሽ? ሰው ያየናል።"

"ይየን። ግባና ፍሬኑን ርገጠው።"

"ይኼ እኮ ደህና ነው..."

"ርገጠው አልሁህ!"

ገብቶ ረገጠው። ጎማው ውስጥ አንድ ነገር ተጨበጠ።

"አሁን ልቀቀው።"

ለቀቀው።

"እንደገና" አለች።